ያልታጠበ ሞተር

ሞተር ለመምረጥ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። በመጨረሻ የመረጥኩት ግን ድሮውንም ቤታችን የነበረውን፣ የሟቹን ወንድሜን ሞተር ነው።

ጊዜው ሚዛን ተፈሪ ላይ ሞባይል ገና የገባበት፣ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሚጮህበት ነበር። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዓባይ ጎጃምን እንዴት እንደሚዞር በጠመኔ ስስል ዓመታት አልፈዋል፤ በዓይኔ ግን ከጅማ ወዲያ አይቼ አላውቅም ነበር። አባታችን የጎጃም ሰው ነበር። ለሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ እዚሁም ተቀበረ። ከሞተ በኋላ ያደገበትን ቀዬ ሄጄ ካላየሁ የሚል ነገር ያዘኝ። በአውቶቡስ መሄድ እንደሚቻል ያልነገረኝ ሰው የለም። እኔ ግን በሞተር፣ በቴፒ፣ በጌጫና በጎሬ አድርጌ፣ ደስ ባለኝ ቦታ እየቆምኩ መሄድ አማረኝ። ግትር ነህ ይሉኛል። ነኝ።

ገበያው ዳር አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ነበረው፤ አዳዲስ የህንድ ሞተሮች ፕላስቲካቸው ሳይነሳ ተደርድረውበታል። «መምህር፣ ይሄ እኮ ነዳጅ አይጠጣም፤ ይልሳል» ይለኛል ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር። አልዋሸም፤ ነገር ግን ሆዳቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። የእኛ መንገድ መሀሉ ጉብ ያለ፣ ግራና ቀኙ ቦይ ስለሆነ እንዲህ ያለው አጭር ሞተር ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የቻይናውን ደግሞ አንድ ባልደረባዬ ገዝቶ አይቼዋለሁ። ሸዋ ቤንች ደርሶ እስኪመለስ ቡሎኑን እንደ ዘር ይዘራዋል። ለሩቅ መንገድ ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ የትም መንደር ውስጥ የሚጠገን ሞተር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሞተር አውቀዋለሁ። ቡና መጋዘናችን ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል።

ወንድሜ ታላቄ ነበር። ሞተሩን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝቶት እስከ ማጂ ድረስ ማርና ኮረሪማ ይነግድበት ነበር። ቴፒ የምትኖረው አክስታችን፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ የልጅ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ እሱ ለድግሱ ሄደ። ሲመለስ ሼኮ ቁልቁለት ላይ ወደቀ። ቡና የጫነ መኪና መንገድ ዳር አግኝቶት ሬሳውንም ሞተሩንም አንድ ላይ አመጣልን።

ከድግስ ሲመለስ ከሞተር የወደቀ ሰው ምን ሆኖ ወደቀ ተብሎ አይጠየቅም። ሰክሮ ነው፣ አለቀ። እናቴ ለቅሶው ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ እህቷን «በጠጅሽ ልጄን ገደልሽው፤ ውጪልኝ» አለቻት። አክስቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። አክስቴ ለፋሲካ የምትልከው ቅመም ሳይፈታ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

ሞተሩንም እናቴ አላስነካችም። አይሸጥም፣ አይታጠብም አለች፤ የዚያን ቀን ጭቃ እንደለበሰ ቆመ። ደጃችን ላይ ካለው ዳገት የማንም ሞተር ማርሽ ሲቀይር ወንድሜ የመጣ ይመስለኛል። የእናቴም እጅ ለአፍታ ሥራውን ይተዋል። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው ሁለት ሰዎች ነን፣ የምንጠብቀው ግን አንድ ሌላ ሰው አለ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እሷም ብትሆን አልተናገረችም።

ሞተሩን ስጪኝ ስላት እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም።

«ውሰደው» አለችኝ፣ ከሰፌዱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«አትፈሪም?»

«ብረት ምን አደረገኝ? ልጄን የገደለው ብረት አይደለም፣ የእሷ ጠጅ ነው። ብቻ ቴፒ ስታልፍ እዚያች ቤት ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ። ማልልኝ።»

ማልኩላት።

ሞተሩን ከመጋዘን ስናወጣ ፊተኛው ጎማ አልዞር ስላለ ተሸክመን ነው ጓሮ ያደረስነው። «ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ ተሰባብሯል» አለ ሞተር ሠሪው ወዳጄ፣ ሳያየው። የቦንጋ ሰው ነው፤ ከመፍቻ ይልቅ ወሬ ይወዳል። ጎማውን ለኋላ ትተን ከሞተሩ ጀመርን። ዘይቱን ቀየርን፣ ካንዴላውን ቀየርን፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠብን። ደጋግሞ ረገጠው። ሞተሩ ሲያስል፣ ሲያስል ቆየና ተነሳ።

ያ ድምፅ ግቢያችን ውስጥ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ አማተበች። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ፊቷን አየሁት፤ ፍርሃት አልነበረበትም። ደስታ ነበር፣ እሱ ከማጂ ሲመለስ በር ድረስ ወጥታ የምትቀበለው ጊዜ የነበራት ደስታ። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንተ ነህ እንዴ» አለችና ተመልሳ ገባች። እጄ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማልቀስ ፈልጌ ሠሪው ስላለ ተውኩት።

ያም ሆኖ ሥራው ቀጠለ፤ እንዲያውም እልህ ያዘኝ። ማርሚታውን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ወንዝ ስሻገር ውሃ እንዳይገባበት ከፍ አደረግነው። ለዳገት አቅም እንዲኖረው የፊተኛውን የካቴና ጥርስ በትንሽ ለወጥነው። በቀጭን ፌሮ ዕቃ መጫኛ በየድንና በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል ቦርሳ ከቡና ጆንያ አሰፋሁ፤ ውስጡ ላስቲክ አለው። ለትርፍ ነዳጅ የሚሆን ጀሪካን ማሰሪያም ሠራን። ሠሪው በየሥራው መሀል አስተያየት አያጣም። «ጎጃም ስትደርስ ሞተሩን ሰርግ ደግሰው ይቀበሉታል፤ አንተን ግን እንጃ» ይላል።

ወደ ፊተኛው ጎማ የደረስነው መጨረሻ ላይ ነው። ጆንያ አንጥፌ ከሥሩ ተጋደምኩ። በጎማውና ከላይ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት መኖር ነበረበት። የለም። በካቻቢቴ ስነካው ቀይ አፈር በቁራጭ ወደቀ፣ ከሣርና ከቡና ቅጠል ጋር ተለውሶ የደረቀ፣ እንደ ግድግዳ ልስን የጠነከረ። ወንድሜ በሞተበት ሰሞን መንገድ ሠሪዎች ሼኮ ላይ አዲስ አፈር አልብሰው እንደነበር፣ ዝናብም እንደጣለበት ትዝ አለኝ። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ቆሞ ተጎትቷል ማለት ነው። ፓራፋንጎውን ጭቃው እንደተጋገረበት ፈታን። ጎማውን በጣቴ ገፋሁት። ዞረ። ኩሽኔታው ደህና ነበር።

ሠሪው መፍቻውን አስቀመጠ። «ሰክሮ አይደለማ» አለ። «ጭቃው ቆልፎበት ነው።»

የዚህ ዓይነት ሞተር ፊተኛ ፓራፋንጎ ከጎማው ርቆ፣ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጭቃ እንዲያልፍበት። የወንድሜም እንዲሁ ነበር። ያስቀየረችው እናቴ ናት። እሑድ እሑድ ከኋላው አፈናጥጦ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል፤ አንድ ቀን ነጠላዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ሆኖባት ተመለሰች። «ወይ ይህን ነገርህን አስተካክል፣ ወይ በእግሬ እሄዳለሁ!» አለችው። እሱ እየሳቀ ከአንድ አሮጌ የአስፋልት ሞተር ላይ ጎማውን ጥብቅ አድርጎ የሚያቅፍ የብረት ፓራፋንጎ አምጥቶ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ነጠላዋ አልቆሸሸም። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እየሳቅን አውርተነዋል።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ብናገር ወንድሜ ከሰካራምነት ነጻ ይወጣል፣ አክስቴም ከነፍሰ ገዳይነት። እህትማማቾቹም ይታረቃሉ። እናቴስ? ልጇን የገደለው ነጠላዋ መሆኑን ከእኔ አፍ ሰምታ እንዴት አድርጋ ታድራለች? ዝም ብል ደግሞ ቴፒ ውስጥ አንዲት ንጹሕ ሴት እህቷን አጥታ ትሞታለች። እናቴን ፈራኋት። ወንድሜን ደግሞ ይበልጥ ፈራሁት፤ በዚያን ሰሞን በሄድኩበት ሁሉ ከኋላዬ የተፈናጠጠ ይመስለኝ ነበር፣ ትነግራታለህ ወይስ አትነግራትም እያለ።

ከሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አዲስ ፓራፋንጎ ቆርጠን ከፍ አድርገን ገጠምን። መልኩ አያምርም፣ ጭቃ ግን አይዝም። አሮጌውን ከነጭቃው በጆንያ ጠቅልዬ ዕቃ መጫኛው ላይ አሰርኩት። አክስቴ ትወስን ብዬ ነው፤ ነገሩ ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው። እናቴ ልትሸኘኝ ስትወጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። መለዋወጫ ነው አልኳት።

ሼኮ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍቼ በእግሬ እየገፋሁ ወረድኩ። ደረቅ ነበር፤ መንዳት ይቻል ነበር። አልቻልኩም።

አክስቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ አላወቅኋትም። ያቺ ደልዳላ ሴት ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኗል፣ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ነው። ሞተሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አገላብጣ ሳመችኝ። ምንም ሳትጠይቅ ብርዝ ይዛልኝ መጣች። ብርጭቆውን ይዤ አመነታሁ።

«እንዳትጠጣ ብላሃለች?» አለች። ሳቀች፣ ሳሉም አብሮ መጣ። «እሷ መቼም አትለወጥም።»

ጠጣሁት። ከዚያ ጆንያውን ፈትቼ ብረቱን እግሯ ሥር አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ የተቆለፈውን ጎማ፣ ነጠላውን፣ ሁሉንም።

«እቴቴ፣ ወንድሜ እዚህ ቤት ሰክሮ ነበር?»

«አንድ ብርጭቆ ብርዝ ነው የጠጣው፣ አንተ አሁን እንደጠጣኸው። መንገድ አለብኝ፣ ይመሽብኛል ብሎ ጠጁን አልነካም። ይህን በታቦት ፊት እምል ነበር። ግን ማን ማይ አለኝ?»

«እንግዲያው ሄጄ እነግራታለሁ።»

ያን ጊዜ ተነሳች። ሳፋ ውሃ አመጣች፣ ብረቱን አንስታ ውሃው ውስጥ አስገባችና በእጇ ታጥበው ጀመር። ተይ ብላት አልሰማችኝም። ጭቃው ቀስ እያለ ለቀቀ፣ ውሃው ቀላ፤ ውስጡን በጣቷ፣ ጠርዙን በነጠላዋ ጫፍ እያሸች አጠበችው። የዚያን ቀን ከለቅሶው ስለተባረረች ለወንድሜ ምንም አላደረገችለትም ነበር። እያለቀሰች ነው ያጠበችው፣ ድምፅ ሳታወጣ።

«አትነግራትም» አለች ስትጨርስ። «እኔን እየጠላች እስከዛሬ ቆማለች። እኔን መጥላት ትችላለች፣ ኖራበታለች። ራሷን መጥላት ግን አትችልም፤ እህቴን እኔ አውቃታለሁ። ምርኩዟን አትቀማት፣ ልጄ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እውነቱን አንድ ሰው አወቀልኝ» አለች፤ ቀዩንም ውሃ ጓሮ ወስዳ ደፋችው።

ጎጃም ደረስኩ። የአባቴን ቀዬ አየሁ፤ ሞተሩም አላሳፈረኝም። ስለዚያ መንገድ ብዙ የሚወራ ነገር አለ፤ ሰው ሲጠይቀኝ አወራለሁ። ስመለስ በቴፒ አላለፍኩም፤ በጅማ አድርጌ ዞርኩ።

እናቴ እግሬን አጥባኝ፣ እራት ካቀረበች በኋላ ነው የጠየቀችኝ።

«እዚያች ቤት ገባህ?»

«አልገባሁም።»

«ጎሽ» አለች። ሳህኖቹን አነሳሳች፣ ወደ ጓዳ ሄደች፣ እንደገና ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«ታማለች ይላሉ» አለች። «ከስታለች ይላሉ። እውነት ነው?»

ዓይኗ ቢጫ ነው፣ ትከሻዋ አልቋል፣ ቶሎ ድረሺባት ማለት ነበረብኝ። ቤቷ ያልገባ ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል?

«አላውቅም፣ እማዬ» አልኳት።