ማኅተም የሌለው የሥራ ልምድ

ማስታወቂያው ቦንጋ ካሉት የዞን መምሪያዎች ባንዱ ሰሌዳ ላይ ነበር የተለጠፈው። ጸሐፊ ይፈልጋሉ፤ በሙያው ዲፕሎማ፣ በመሥሪያ ቤት ማኅተም የተደገፈ የሥራ ልምድ። እኔ ያለኝ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ነው፤ እሱንም ለሰው ባላሳየው ይሻላል። ቢሆንም ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። ታናሽ እህቴን ከትውልድ ቦታችን ከደካ አምጥቻት እኔ ጋ ሆና ትማር ነበር፤ የማገኛት ነገር ለሁለት ሰው አልበቃ ብላለች። ደህና ሥራ ካላገኘሁ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤት መመለሷ ነው።

ሥራ አልነበረሽም ወይ ብትሉኝ፣ ነበረኝ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ለአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ታይፕ እመታ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። ከሰሜን ለሥራ መጥተው እኛው ጋ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። የእኛ የከፋዎች ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ ከሰላምታ አያልፍላቸውም፤ ዓይናቸውም ደክሞ ፊደል መለየት ትተዋል። ከጌሻም ከጨናም የመጣው ባለጉዳይ በካፊኖኖ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ ለጋሼ እነግራለሁ፣ እሳቸው ያሳምሩታል፣ እኔ እመታዋለሁ። ማሳመራቸውስ! ከጠፋች በግ ተነስተው ድንጋይ ያስለቅሳሉ።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና፣ «የሥራ ልምድሽ የታለ?» አለችኝ።

«ፍርድ ቤት በር ላይ።»

«በር ላይ ያለ መሥሪያ ቤት አላውቅም፣ የኔ እህት። ማኅተም ይዘሽ ነይ።»

ብግን ብዬ ወጣሁ። ከየት አባቴ ነው ማኅተም የማመጣው? ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውን ጥዬ ልሄድ መሆኔን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ አፈርኩ። ይቅርብኝ ልል አፌን ስከፍት ኮታቸውን አንስተው ለበሱ።

«ተነሺ፣ ውሰጂኝ» አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ ጭቃውን እያሻገርኩ ወሰድኳቸው። ኃላፊዋ ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ ሰው «ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት» ብለው እንደመጨረስ፣ ያንን ማመልከቻቸውን በቃላቸው ያወርዱት ጀመር፦ «አመልካች ዕድሜዋ ለጋ፣ ረዳት የሌላት፣ ከታናሽ እህቷ ጋር በችግር አለንጋ የምትገረፍ ስትሆን...» ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። «በመሆኑም» ሲሉ ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ በቃዎት። ፈተናውን ትቀመጥ፤ የቀረውን የመምሪያው ኃላፊ ያውቃል።»

በፈተናው ቀን ባለ ዲፕሎማዎቹ መሀል ተቀመጥኩ። የመምሪያው ኃላፊ ራሱ ነበር የሚያነብልን፤ ሪፖርት ላዘገዩ ወረዳዎች የተጻፈ ቆጣ ያለ ደብዳቤ። እጄ ለምዶታልና ቀድሜ ጨረስኩ፤ ደስ አለኝ። ኃላፊው ወረቀቴን ተቀብሎ ሲያነብ ግን መጨረሻው ላይ ቆመ፣ ከዚያም ጮክ ብሎ አነበበው፦ «...ክቡርነትዎ እንባዬን እንዲያብሱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።»

እጄ ነው! ማመልከቻ ሁሉ በዚያ ስለሚያልቅ፣ ሳላዝዘው ቀጥሎ መትቶታል። እህቴ ዕቃዋን ሸክፋ መኪና ስትሳፈር ታየችኝ።

«ዞኑ ነው ወረዳን እያለቀሰ የሚለምነው?» አለ ኃላፊው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እሱም ሳቀ። አንዷ ባለ ዲፕሎማ መሐረቧን አቀበለችኝ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ቋሚውን ቦታ ያቺው ባለ መሐረቧ አገኘችው፤ ይገባታል፣ ጎበዝ ናት። ከታች ደግሞ በእስክሪብቶ የእኔ ስም ተጨምሯል፦ በኮንትራት፣ ማታ ዲፕሎማዋን እየተማረች። እህቴን አንገቷን አቅፌ መንገድ ላይ አለቀስኩ። እነዚያን ሰዎች ዛሬም እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ወረቀቴን መልሰው ቢሰጡኝ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ጋሼ ሮጥኩ። ታይፑ ሸራ ለብሷል። አንድ ከዋጫ የመጣ ገበሬ በካፊኖኖ ይለማመጣቸዋል፤ እሳቸው በእጃቸው አጠገባቸው ወደሚሠራ ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ይጠቁሙታል።

«ጋሼ፣ ለምን ይዘጋሉ? ማታ ማታ እየመጣሁ እመታልዎታለሁ።»

«ማታ ትማሪያለሽ» አሉኝ ቆጣ ብለው። ከዚያ ለስለስ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሳመለክት አንድም ቀን መልሱን አላየሁም። ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ማን ተመልሶ ይነግረኛል? ያንቺን ግን ሄጄ ሰሌዳው ላይ በዓይኔ አየሁት።»

እንኳን ሰሌዳ፣ አጠገባቸው የቆምኩትን የእኔን ፊት ለይቶ በማያይ ዓይናቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።