አጎቴ ሳይቀመስላቸው አይጠጡም ነበር

አዲስ አበባ፣ እንደ ጀርመኖቹ ቢራውን እዚያው ጠምቀው በሚሸጡበት አዳራሽ፣ ዘበኛው ፊቱን ቋጥሮ ወደ እኛ መጣ። አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስተናጋጇን "ልጄ፣ አስቀድመሽ ቅመሺልኝ" ብለዋት፣ "መርዝ አለበት አሉን" ብላ ለዘበኛው ስለከሰሰቻቸው ነው። አጎቴ ባደጉበት አንኮበር ጠላ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ እንደማይሰጥ ለቤቱ ሰዎች ማን ይንገራቸው?

ልጄን አቅፌ "ጋሼ፣ እንውጣ" አልኩ።

"ጌሾው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ?"

ጠማቂው ሰምቶ መጣ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና "አባባ፣ የእኛ ጌሾ ሆፕ የሚሉት አበባ ነው" ብሎ ሰጣቸው።

"አበባ ደግሞ ያሰክራል?" ብለው ጠጡ። ዘበኛውም ሳቀ።

ዛሬ ጠላ ስቀዳ መዳፌን የሚያይልኝ የለም፤ መደባቸው ባዶ ነው። ያን ቀን ግን ሦስታችንም ደብረ ብርሃን ቤታችን በሰላም ገባን።