ሦስት የዋንዛ እግር፣ አንድ የወይራ

መካነ ሰላም ገበያ ላይ "ያቺ ከአረብ አገር የመጣችው፣ ትኋን የምትሰበስበው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ሌላው ከአረብ አገር ሲመለስ ሱቅ ይከፍታል፣ ባጃጅ ይገዛል፤ እኔ አሮጌ አልጋ ገዛሁ። ያውም አንድ አይደለም። ግን የምፈልገው አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቴን አልጋ። እንዲሸጥ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።

ትልቅ የጠፍር አልጋ ነበር። አያቴ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ጠርቦ ነው የሠራው። ምስማር የሚባል ነገር አልነካውም፤ እግሩና አግዳሚው በእንጨት ችንካር ተያይዞ፣ የበሬ ቆዳ ጠፍር በአግዳሚው ቀዳዳዎች እየተላለፈ ተወጥሮበታል። እናትና አባቴን በራስጌ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን በግርጌ ይችለን ነበር። አንዱን እግር ምስጥ ሲበላው አባቴ በወይራ ቀየረው። ወይራው ትንሽ ስለረዘመ፣ ሰው በተገላበጠ ቁጥር አልጋው ቅጭጭ ይላል። አባቴ "አስተካክለዋለሁ" እንዳለ ሞተ።

አረብ አገር የሠራሁበት ቤት እመቤት አሮጌ ዕቃ ትወድ ነበር። ሳሎኗ ውስጥ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ በሩ በአበባ የተፈለፈለ ቁም ሳጥን ነበራት። ውኃ እንዳላስነካው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ፣ በቀስታ እንድወለውለው አስተምራኛለች። እንግዳ ሲመጣ እየዳበሰችው ዕድሜውን ታወራለች። እኔ ጨርቄን ይዤ ቆሜ በሆዴ "እብድ ናት" እላለሁ። እናቴን በስልክ "ያንን አሮጌ አልጋ ሽጪው" ያልኳትም በዚያው ሰሞን ነው። ልጇ አረብ አገር እያለች በጠፍር ትተኛለች መባሉ ለእኔ ነውር መሰለኝ። የብረት አልጋና ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ እንዲገዛላት ለወንድሜ ብር ላክሁ።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ደህና ነው፤ ለምጄዋለሁ" አለችኝ።

"እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?"

እናቴ ተከራክራኝ አታውቅም፤ ካልተስማማት ዝም ትላለች፣ ከዚያ እኔ ያልኩት ይሆናል። አልጋውን በአይሱዙ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ የሚለቅሙ ሰዎች ችንካሩን አውልቀው፣ ፈታትተው ወሰዱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። እናቴ በአዲሱ አልጋ ጫፍ ላይ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። ስደውልላት "ማሻአላህ፣ አልሃምዱሊላህ ልጄ፣ ጎኔ አረፈልኝ" አለች። ያን ቀን የእመቤቴን ቁም ሳጥን እየዘፈንኩ ነው የወለወልኩት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በብርዱ ወራት፣ እናቴን ጎኗን አመማት። ሳል ተከተለ። ሞተች። እኔ መርዶዬን የሰማሁት ከተቀበረች ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ በሰው አገር ብቻዬን እንዳላብድ ብለው ደበቁኝ። ያን ሁሉ ጊዜ "እማዬን አገናኙኝ" ስል ወንድሜ "ለቅሶ ሄዳለች" ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ ተቀይሜዋለሁ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ አደርግ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ስመለስ ወንድሜ ከተማ ውስጥ ካለው ቤቱ አስቀመጠኝ። ገጠር ያለው የእናቴ ቤት ተቆልፎ ነበር። አንድ ቀን ከፍተን፣ ከደጃፉ ቆሜ አየሁ፤ የብረቱ አልጋ አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ነፍሷ የወጣችው እሱ ላይ መስሎኝ እግሬ አልገባ አለ። ወንድሜ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ቁልፉን አዙሮ ወጣን። ያን ዕለት ነው የድሮውን አልጋ ፈልጌ ወደ ቦታው እመልሳለሁ ብዬ የተነሳሁት። እናቴን መመለስ አልችልም፤ አልጋዋን ግን እችላለሁ አልኩ።

ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ምልክቱን ለገበያው ሁሉ ነገርኩ። "ሦስት እግሩ ዋንዛ፣ አንዱ ወይራ የሆነ ትልቅ አልጋ ካያችሁ ጥሩኝ" አልኩ። በአንድ ወር ውስጥ አንድ እግሩ ወይራ የሆነ አልጋ በየቦታው ተወለደ! የመጀመሪያውን አቅፌ አለቀስኩበት። ቤት ሲገባ ወንድሜ አሸተተና "እታለም፣ ይኼ አሮጌ እንዲመስል የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷል፤ ይሸታል" አለኝ። ሁለተኛውንም ገዛሁ፤ የተቆረጠው ወይራ ገና እርጥብ ነበር። ለሁለት ቀን ሰው ማናገር አስጠላኝ።

አቀስታ አሮጌ ዕቃ በመግዛት ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ ሄድኩ። መጋዘናቸው በር፣ ሳጥን፣ ወንበር፣ አልጋ ታጭቆበታል። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ሰሙኝና፣

"ምልክቱን ለማን ለማን ነገርሽ?" አሉ።

"ለሁሉም።"

ከት ብለው ሳቁ። "እንግዲያ ያንቺኑ ወሬ ነው መልሰው የሸጡልሽ!"

ተናደድኩ፤ ግን እውነት ነበር። ከዚያ አንድ አልጋ ሥር በጀርባዬ እንድተኛ አዘዙኝ፤ ከነሻሼ አፈር ላይ ተኛሁ። "ላዩን ማንም ያሳምረዋል። ሆዱን ነው ማየት" አሉ። በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ለጥ ያለ እንደሆነ፣ በመጥረቢያ የተጠረበው ግን ጣት ሲሄድበት ወጣ ገባ እንደሚል አሳዩኝ። ጣቴን ከጠፍሩ ቀዳዳ ከተቱት። አዲስ ቀዳዳ ክብ ነው፣ አፉም ስለታም ነው፤ ብዙ ዓመት የተተኛበት ግን ጠፍሩ ወደሚስበው ወገን ሞላላ ሆኗል፣ አፉም ልስልስ ብሏል።

"አሮጌ ለማስመሰል ሲፈገፍጉት ሁሉን እኩል ይፈገፍጉታል" አሉኝ። "ሰው ግን ሁሉን እኩል አይነካም፣ ልጄ። ሲቀመጥ፣ ሲነሳ የሚይዛት አንድ ቦታ አለችው። መጀመሪያ ያቺን ፈልጊ። ከሌለች ማንም አልተኛበትም።"

ያኔ ትዝ አለኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማት ነበር። ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ በራስጌ በኩል ያለውን የቀኙን እግር አናት ጨብጣ፣ "ያ ረቢ" ብላ ነበር የምትቆመው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ረስቼውም ነበር።

ከወራት በኋላ ሽማግሌው ደወሉልኝ። ደሴ አንድ የባህል ምግብ ቤት ሲዘጋ ዕቃውን ገዝተው ኖሯል። ስደርስ የተፈታታ አልጋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የወይራውን እግር አየሁ፤ እሱን ግን ማመን ትቻለሁ። የራስጌውን እግር ፈልጌ መዳፌን ከአናቱ ላይ ጫንኩት። በአውራ ጣት በኩል እንጨቱ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ እዬዬ አልኩ።

"አላህ ይርሐማት" አሉ ሽማግሌው፤ ጋቢያቸውንም አውልቀው አለበሱኝ።

"አባባ፣ አንቱ ባይኖሩ አላገኘውም ነበር" አልኳቸው።

አልጋውን በአይሱዙ ጭነን ወደ እናቴ ቤት ወሰድነው። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ደስ ብሎኝ ስለነበር ልብ አላልኩትም፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቦታ ለማስለቀቅ የብረቱን አልጋ ማውጣት ነበረብን። አበባ ያለበትን አልጋ ልብስ ገፈፍኩ። ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው። ላስቲኩ የተሰፋበት ክር እንኳ አልተፈታም። እጄን ጫንኩበት፤ የትም ቦታ ጎድጎድ አላለም።

ልማድ ሆኖብኝ ከሥሩ በጀርባዬ ገባሁ። እግሮቹ ከሱቅ የመጡበት ካርቶን እንደታሰረባቸው ነው። ቀለሙ የትም አልተፋቀም። ያቺን ቦታ ፈለግኩ፤ ራስጌውን፣ ግርጌውን፣ ጎንና ጎኑን ዳበስኩ። የለችም።

ከተኛሁበት ቀና ስል ከግድግዳው ጋር የተያያዘው የጭቃ መደብ ታየኝ። ላዩ አጎዛ ተነጥፎበታል። ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ጠቁራ፣ ወዝ ጠጥታ ታብለጨልጫለች። ሰው ሲነሳ ሊደገፍ በሚችልበት ከፍታ ላይ ናት።

"እሷ የት ነበር የምትተኛው?" አልኩት ወንድሜን። መልሱን እያየሁት ነበር።

"ለፎቶው ነው የተቀመጠችበት" አለ ጣራ ጣራ እያየ። "ከዚያ ወዲያ 'በእኔ ላብ አላቆሽሽባትም፣ ልጄ ስትመጣ አዲስ እንደሆነ ትተኛበታለች' አለች። ስትታመም ለመንኳት፣ እታለም። ወላሂ ለመንኳት። እንቢ አለች።"

"ብርዱስ?"

"አጎዛ አላት።"

"አራት ዓመት ሙሉ?"

"አራት ዓመት።"

በአራቱም ዓመት ረመዳን ሲገባ እደውልላትና "እማዬ፣ ለዒድ እመጣለሁ" እላት ነበር። ከዚያ ኮንትራቴን አድሳለሁ። ለመምጣት አስቤ አልነበረም የምለው፤ ደስ እንዲላት ነበር።

እናቴ ግን በየዓመቱ ታምነኝ ነበር።