የእህትህን ስም ለልጅህ

ጥልፍ ሠሪዋ አንድ ሕግ አላት። ደንበኛው የሕፃኑን ስም በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ካልጻፈላት መርፌ አታነሳም። "በአፍህ የነገርከኝን አልሠራም፣ ጻፍ" ትላለች። ወረቀቱን ስሙ በሚጠለፍበት ብርድ ልብስ ጫፍ ላይ በስፒል ትሰካዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኗትም አትቀይርም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ስትሠራ እንደዚያ አንድ ስም ደጋግማ የጠለፈችው የለም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት የወለደ ሁሉ እሱን ነበር የሚያወጣው። እሷም ለልጇ አወጣችው። በሰፈሩ አንዷ እናት ከደጅ ሆና ስትጣራ አራት ልጆች በአንዴ "አቤት!" ይላሉ። ሲቸግር ጊዜ ቀጭኗ፣ ፍንጭቷ፣ የሹፌሩ እየተባሉ ተለዩ። የእሷዋ "የጥልፏ" ተባለች።

የጥልፏ በሃያ ስድስት ዓመቷ ታመመች፣ ሦስት ሳምንት ሳትቆይ ሞተች። ይኸው ሁለት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስሙን የሚያነሳ የለም። ታናሽ ወንድሟ እንኳ "እሷ" ነው የሚላት። እናትየውን ውስጧን የሚበላት ይሄ ነው፤ ልጅቷ ሁለቴ የተቀበረች ይመስላታል።

ወንድ ልጇ ሴት ልጅ ሲወለድለት በስልክ ለመነችው።

"የእህትህን ስም ለልጅህ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

"እናያለን እማዬ።"

"እናያለን ማለት እሺ ነው?"

"ኧረ እማዬ፣ ልጅቷ ገና ዓይኗን በደንብ አልገለጠችም! እናያለን አልኩሽ እኮ።"

ሌላ ደንበኛ እንዲህ ቢላት "ሂድና ጽፈህ አምጣ" ብላ ትመልሰው ነበር። ልጇን ግን አመነችው። ነጭ ብርድ ልብስ ገዝታ መወጠሪያው ላይ ወጠረችው። ፊደሉን በእርሳስ እንኳ አልነደፈችም፣ እጇ ያውቀዋል። በአራት ቀን ጨረሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ይዛ ሄደች። ምራቷ ትራስ ተደግፋ ታጠባለች፤ የምራቷ ታናሽ እህት የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ብርድ ልብሱ ሲዘረጋ ታናሽየዋ ቀድማ አነበበችው፤ ሳቋ አመለጣት።

"ውይ! ይሄ ስም አሁንም አለ እንዴ? የሒሳብ አስተማሪያችን ስም እኮ ነው! የመዝገብ ቤቷም ስሟ እሱ ነው፣ የጥበቃዋም እሱ ነው። ልጅቷን ሳትድህ ጡረታ ልታወጧት ነው?"

"አንቺ፣ አፍሽን ያዢ!" አላት ልጇ። እሱም ግን ሳቁን በግድ ነው የዋጠው። እናቱ አይታዋለች።

ምራቷ ልጅቷን ከጡቷ ሳትነጥል አቀርቅራ ተናገረች። "እማማ፣ አይቀየሙኝ። እንደዚህ ይስቁባታል። ደግሞ..."

"ደግሞ ምን፣ ልጄ?"

"ልጄን በጠራኋት ቁጥር የሞተ ሰው ማሰብ አልፈልግም።"

ሳቁን ትችለው ነበር። ይሄኛውን ግን አልቻለችም። ወደ ልጇ ዞረች።

"አንተስ?"

"እማዬ፣ የስሙ ጊዜ አልፏል።" መሬት መሬቱን እያየ ነው። "ከትናንት ወዲያ ሌላ አስመዝግበናል።"

ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችው።

"ጻፍልኝ። ፈትቼ ድጋሚ እሠራዋለሁ።"

ጻፈላት። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁሉም ቀለል አላቸው፤ ታናሽየዋም ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ቤቷ ገብታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ለአራት ቀን የሠራችውን ለመፍታት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በቃት። ክሩን እየቆረጠች ስትመዝ ጭኗ ላይ ተከመረ፤ ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም። የምታነባው እንባ ቢኖራት ትወድ ነበር፤ ባዶ ነበረች።

በሳምንቱ አዲሱን ይዛ ስትሄድ አመሰገኗት። ሕፃኗን አስታቀፏት።

"በሉ እማማ፣ ስሟን ይጥሯት። ድምፅ መለየት ጀምራለች እኮ" አለቻት ምራቷ።

አፏን ከፈተች። አዲሱ ስም እምቢ አላት። አሮጌውን እንዳትል ሦስቱም አፍ አፏን ያያሉ።

"አንቺ" አለቻት። "አንቺ ልጅ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ በስም ጠርታት አታውቅም። ልጅቷ አሁን ትሮጣለች። በስሟ ለጠራት ሁሉ እየሳቀች ትመጣለች። አያቷ "አንቺ" ስትላት ግን ማንን እንደምትጠራ ስለማታውቅ ዞር አትልም።