ወለሉ አያለቅስም

የሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ስታወራ የምትጣላ ትመስላለች። መወልወያዋን ከአልጋው እግር ጋር እያላተመች ስትገባ፣ የፈላ ውሃ ክንዷን ያቃጠላት ልጅ እናት መጀመሪያ ፈርታት ነበር። አሁን ግን ዓይኗ በር በሩን የሚያየው እሷን ፍለጋ ነው። ፋሻ ሊቀየር ሲል ልጅቷ ጩኸቷን የምታቆመው ለዚች ቁጡ ሴት ብቻ ነውና።

«ያቺ ቀጣፊ ጦጣ ዛሬ ደግሞ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው!» ትላለች ሴትዮዋ ተረቷን ስትጀምር። ጦጣዋን ትሰድባለች፣ አንበሳውን ታዋርዳለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ ስትሰማ ፋሻው ተፈትቶ ይታሰራል።

ዛሬ አለቃዋ መጣና «የአንቺ ሥራ ወለሉ ነው፤ ተረቱን ተይው» አላት።

«ወለሉ አያለቅስም!» ብላ ጮኸችበት። ሰውየው ውልቅ ብሎ ሄደ።

እናትየው ልቧ ተነክቶ «ልጆችሽ ታድለው» አለቻት።

ሴትዮዋ እርጥቡን ጨርቅ አንገቱን እንደያዘችው ሰው ጠመዘዘችው።

«አንዲት ነበረችኝ። እዚሁ ክፍል ተኝታ ስታለቅስ፣ ሰው እንዳይረበሽ ብዬ ‹ዝም በይ› ብቻ ነበር የምላት። ዝም እንዳለች ሄደችብኝ።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ አፈጠጠችባት።

«አንቺ ደግሞ ምን ዝም ብለሽ ታይኛለሽ? ‹ከዚያስ?› በይኝ እንጂ!»