በባና የተጠቀለለው ጋን

ደብረ ብርሃን በተከራየሁበት ግቢ ከግድግዳዬ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ለልጇ ክርስትና በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ጠላ ጠምቃ ነበርና፣ አንድ ማለዳ ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ከበርሜሉ ውስጥ ፍልቅ፣ ፍልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፎጣዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጅ ሳለሁ ያንን ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን ከጋን አፍ ላይ ለጥፌ እቆይ ነበር፤ እናቴ «ምን ይልሻል?» ስትለኝ፣ «ዛሬም ዝም ብሏል» እያልኩ አሳዝናት ነበር።

ዝም የሚለው የእናቴ ጋን ነበር። የአባቴ እናት፣ የእምዬ ጋን ግን ሌት ተቀን ያወራ ነበር። የምንኖረው ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ የእኛና የእምዬ ቤት ፊት ለፊት በሚተያዩበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ገብሱ ከአንድ ማሳ፣ ውሃው ከአንድ ምንጭ፣ ብቅሉም በአንድ ጆንያ ስር የበቀለ ነበር፤ ጠላው ግን የሁለት አገር ነበር። የእምዬ ጠላ ገና ሲቀዳ ማር ከተቆረጠበት ቀፎ የሚወጣውን የሰፈፍ ሽታ ይሸታል፣ ቀጥሎ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ ምሬት ይመጣል። የእናቴ ደግሞ መራራ ነው፤ ከዚያም መራራ ነው። ለእኛ ለልጆች የሚደርሰን ውሃ የሚያክል ቅራሪ ቢሆንም፣ ከሁለቱም ቤት እየቀመስኩ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ስመራመር እውል ነበር።

እናቴ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ናት። አባቴ ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እየሸመነ ሊሸጥ ወደ ቆላ ገበያዎች ይወርድ ነበርና፣ ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ አይቷት፣ ሽማግሌ ልኮ አገባት። እምዬ ሲተርቡት «ባናውን ሸጦ ጌሾ ይዞ መጣ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በእናቴ አባት ጓሮ ጌሾ እንደ አጥር የቆመ ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ግን ብርዱ አያበቅለውም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የቆላዋ አያቴ ራሳቸው ለቅመው ያደረቁትን ጌሾ በስልቻ ሞልተው ይልኩላት ነበር። እናቴ ስልቻውን ስትፈታ ፊቷን አስጠግታ ታሸተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሰው አታናግርም።

ጉዱ የሚመጣው ኅዳር ላይ ነበር። አባቴ በየወሩ ተረኛው ቤት እየተሰበሰበ ጽዋ የሚጠጣ የሚካኤል ማኅበር ነበረው፤ የእኛ ተራ ሁልጊዜ ኅዳር ላይ ይውላል፣ የመንዝ ኅዳር ደግሞ ውርጩ ጠዋት ደጃፉን ነጭ አድርጎ የሚጠብቅበት ወር ነው። ብርድ የገባበት ጥንስስ፣ ብቅልና ጌሾ በውሃ የተበጠበጠበት የጠላው መነሻ፣ አልነሳም ይላል። በእናቴ አገር ጥንስስ ሲሰንፍ ጌሾ ይጨመርበታልና፣ እሷም አንድ እፍኝ ትጨምርና ታሳድረዋለች፣ ዝም ይላል፤ ሌላ እፍኝ ትጨምራለች። በደንብ በማስታውሰው የመጀመሪያው ማኅበር ላይ እንግዳው ሁሉ በአንድ ቀን ሆዱን ታመመ። አንዱ ቁርጠት ይዞኛል አለ፣ ሌላው መድኃኒት ጀምሬያለሁ አለ፤ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አያ ጌጡ ግን መዋሸት ስለማይሆንላቸው ዋንጫቸውን እንደሞላ አስቀምጠው ስለ ውርጩ ማውራት ጀመሩ። እናቴ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ለአባቴ እንዲህ ስትለው ሰማኋት፦ «ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ እኔ አገሬ እገባለሁ። ጠላዋ የማይጠጣላት ሴት እዚህ ምን ቤት አላት?» አባቴ ሳቀ። እኔ ግን አመንኳት፤ ስልቻውን ስትፈታ ፊቷ ምን እንደሚሆን አይቻለሁና። ፈራሁ፤ ፍርሃቴም እንደ ልማዴ ጥያቄ ሆኖ ወጣ። የእምዬ ጋን ለምንድን ነው የሚያወራው?

እምዬ ቤት መመላለስ ያዝኩ። ጋናቸው ጥጆቹ የሚያድሩበትን ጋጥ ተጠግቶ ነበር የቆመው፤ ሆዱን በመዳፌ ስነካው ሞቀኝ። የእኛ ጋን፣ እናቴ ንጹሕ ይሁን ብላ ከከብቱ አርቃ በነፋሱ በኩል ካለው ግድግዳ ስር ያቆመችው፣ እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር።

«እምዬ፣ ጋንዎ ለምን ይሞቃል?»

«ጥጆቹ ይተነፍሱበታላ።»

«ሆን ብለው ነው እዚህ ያቆሙት?»

«ምን ሆን ብዬ፤ ሌላ ቦታ የት አለኝና?» አሉኝ። «ደሞ እኔ እንደ እናትሽ ውስጡን ፈግፍጌ አላነጣውም። እርሾው ግድግዳው ላይ ነው የሚያድረው። እሷ አጥባ ታስወጣውና ጌሾውን ትቆልልበታለች። ሽታውን ቀበረችው እኮ።»

ይህን ሁሉ ስነግራት እናቴ ገብስ እየለቀመች ነበርና የሰማችኝ አልመሰለኝም። ሲቆይ ግን «እኔ ጋኔን ጥጃ ስር አላቆምም» አለች። ጥንስሱን በጣለች ዕለት ጋኑን በውሃ ለቅለቅ ብቻ አድርጋ ወደ ምድጃው አስጠጋችው፤ ከዚያም አባቴ ለገበያ ያዘጋጀውን አዲስ ባና ከመስቀያው አውርዳ ጋኑን ከአንገቱ እስከ እግሩ ጠቀለለችና በገመድ አሰረችው። አባቴ ከማሳ ገብቶ፣ ጋኑን አየና «በርዶት ነው?» አላት።

«አዎ። እሱም እንደኔ ቆለኛ ነው» አለችው።

አባቴ ጠላ ጠላ የሚሸት ባና ገዢ እንደማያገኝ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ግን ሁለተኛውን ባና አውርዶ በላዩ ደረበለት። ያን ቀን አባቴን ከመቼውም ይበልጥ ወደድኩት።

በነጋታው ግን ጋኑ እንደ አምናው ዝም አለ። እናቴ ጌሾ በእፍኟ ይዛ አጠገቡ ቆመች፤ ልትጨምር እንደሆነ አውቄ ሮጬ አፉን በሸፈነው ጨርቅ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ምን ይልሻል?»

«ቆይ» አልኳት። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ከጥልቅ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «አንድ ጊዜ ፍልቅ አለ።»

እናቴ ጌሾውን ወደ ስልቻው መለሰችው፤ እጇን ግን ቶሎ አላወጣችም። እናቷ የለቀሙትን ያንን እፍኝ መመለስ ለእሷ ቀላል እንዳልነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የሚካኤል ዕለት ጠላው ሲቀዳ እኔና እናቴ ከጓዳው በር ጀርባ ቆመን ነበር፣ እጄን ይዛ ስለነበር ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀቻቸው። አያ ጌጡ ጎንጨት አሉ። ደግመው ጎንጨት አሉ። ከዚያ ዋንጫውን ጨለጡትና «ልጄ በላይነሽ፣ እስቲ ድገሚኝ» ብለው ወደ ጓዳው ተጣሩ። አባቴም ማኅበርተኛውን ዞር ዞር እያለ አይቶ «ቁርጠቱስ ተሻላችሁ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ አልሳቀችም፤ እንስራውን አንስታ ወጣች።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ እምዬ ዋንጫቸውን ይዘው ወደ እናቴ መጡ። «ይኼ የኔም አይደል፣ የእናትሽም አይደል» አሏት።

«አልጣመዎትም እንዴ?»

«ጣመኝ እንጂ። የማን ነው ብዬ ነው።»

እናቴ ዋንጫቸውን ተቀብላ ሞላችላቸው። ለእኔም አንድ ጉንጭ ሰጠችኝ። የሰፈፉ ሽታ ነበረበት፤ ምሬቱም ነበረበት፣ ግን ሽታው እስኪያልፍ የሚጠብቅ ምሬት ነበር። አገሯ እንደማትገባ ያኔ አወቅሁ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለወንድሟ ሰርግ ወደ መርሐቤቴ ወረድን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እየመጣ ተቀበለን፤ እናቴ በየመታጠፊያው ዛፉን ሁሉ በስሙ እየጠራች እንደ ልጅ ትፈነጥዝ ነበር። አያቴ ከበር ላይ አቅፈው ስመው፣ ገና ሳትቀመጥ በትልቅ ዋንጫ ጠላ ሰጧት። እናቴ ጎንጨት አድርጋ ዋንጫውን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«መረረሽ እንዴ?» አሏት አያቴ።

«ኧረ የለም እማዬ፣ ጥሞኛል።»

ስንነሳ ዋንጫው እንደሞላ ነበር። ሰርጉ አልፎ ዳገቱን ስንመለስ እናቴ ድንገት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «የእናቴ ጠላ መረረኝ» አለችና አለቀሰች። እኔ ግራ ገባኝ። ጠላዋ ስለተወደደላት ደስ ሊላት ሲገባ ለምን እንደምታለቅስ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አባቴ በዓይኑ ከለከለኝ።

ዛሬ የቆላዋ አያቴ የሉም፤ ጌሾ በስልቻ የሚልክም ሰው የለም፣ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ በጆንያ ወርዶ መሐል ሜዳ ገበያ ይቸረቸራል። እምዬም አባቴም አርፈዋል። እናቴ ግን መንዝን አልለቀቀችም፤ አሁንም ኅዳር ሲመጣ ጋኗን በባና ትጠቀልላለች፣ የሰፈሩ ሙሽሮችም ሙያ ሊማሩ እሷ ጋ ይመጣሉ። እኔ የለመድኩት የከተማውን ጠላ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ስኳር ቢጤ የሚነካው፣ ለመጠጣትም ለመርሳትም የማያስቸግር።

ባለፈው ኅዳር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ቀድታ ሰጠችኝ። ጎነጨሁና ዋጥኩት፤ ዋንጫውን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ።

«መረረሽ?» አለችኝ።

«ኧረ የለም እማዬ፣ ጥሞኛል» አልኳት።

ጉልበቴ ላይ ያረፈውን ዋንጫ አየችው። ከዚያ ዋንጫውን ቀስ ብላ ከእጄ ተቀበለችኝና አጠገቤ ተቀምጣ ራሷ ጨረሰችልኝ።