ማሪያዳስ ያልገጠመው ማብሪያ

ማሪያዳስ በማናር የባሕር ዳርቻ የዓሣ ጀልባዎችን ኤሌክትሪክ ይሠራል። በጓደኛው በአሮክያም ጀልባ ላይ መጠባበቂያ ባትሪ ሲገጥም ለሠርግ ቸኩሎ ስለነበር፣ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያየውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳያስገባ በቀጥታ አያያዛቸው። ባሕር ላይ መብራቱና ሬዲዮው ሁለቱንም አሟጠጡ፤ ሞተሩም አልነሣ አለ። አሮክያም ሁለት ቀን ሲንሳፈፍ ቆይቶ ሌሎች ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አመጡት።

«አይዞህ፣ ባትሪው አርጅቶ ነው» አለው አሮክያም በተሰነጣጠቀ ከንፈሩ፣ ጭራሽ እሱው አጽናኝ ሆኖ።

ማሪያዳስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «ባትሪው ደህና ነበር። ማብሪያውን ያልገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ለሠርግ ቸኩዬ።»

«ለመሆኑ የሠርጉ ሩዝ ጣፈጠህ?» አለው አሮክያም።

«ተወኝ እባክህ።»

«አልተውህም። ማብሪያውን ግጠምና ሰኞ አብረኸኝ ትወጣለህ።»

ማሪያዳስን ባሕር ያስታውከዋል፤ እምቢ የሚልበት አፍ ግን አልነበረውም።